ሕዝብ ለማሳተፍ ወጥተው ሕዝብ የሚያሸሹ ስህተቶች

በ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከወጣ ወዲህ ማኅበር ማቋቋም ቀለል ብሏል። አምስት ሰው ከተሰባሰበ ማኅበር መመዝገብ ይቻላል። ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ መራጮች ትምህርት መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶችም በዝተዋል። ደስ ይላል። ግን የሚላኩልኝ ፕሮፖዛሎች ሁሉ መንትያ ናቸው። ሆቴል አለ፣ ባነር አለ፣ «ግንዛቤ መፍጠር» አለ። ሰዎቹ ከስልጠናው ማግስት ምን እንደሚያደርጉ የሚናገር መስመር ግን ስፈልግ አጣለሁ።

ወረዳ ለወረዳ ስዞር ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች እዚህ ልጻፋቸው። ስለ ኦዲትና ስለ ዓመታዊ ሪፖርት አልናገርም። እሱን የመዘገባችሁ ባለሥልጣን ራሱ በደብዳቤ ያስታውሳችኋል።

ከሕገ መንግሥቱ መጀመር

የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰዓት፣ የመጀመሪያው ስላይድ፦ «ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች አሉት»። ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ አርሶ አደር ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ምንም አይልም። ያንቀላፋል። ካላንቀላፋ ደግሞ አንዱ እጁን ያወጣና አንቀጽ 39ን ያነሳል። በቃ፣ ስልጠናው እዚያ ላይ አበቃ። የቀረው ሰዓት ከቴሌቪዥንና ከፌስቡክ የመጣ ክርክር ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ሊፈታው የማይችል ክርክር።

ከቦኖው ጀምሩ። ከጤና ጣቢያው፣ ከመታወቂያው ሰልፍ፣ ተቆፍሮ ከቀረው መንገድ ጀምሩ። በአንድ ትንሽ ከተማ ስለ መልካም አስተዳደር ስንጠይቅ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። ቦኖው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ስንጠይቅ አዳራሹ ተንጫጫ። ቁልፉን የያዘው ማነው? ማን መረጠው? የሚሰበሰበው ገንዘብ የት ይገባል? አንዲት እናት ተነሥተው «አንተ ልጅ፣ ውሃው እኮ አልጠፋም፣ የጠፋው ሒሳቡ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚናገረውን አንቀጽ 12ን አነበብንላቸው። ያን ቀን ማንም አላንቀላፋም።

«ሕዝቡ ዴሞክራሲ አያውቅም» ብሎ መነሳት

እንዲህ የሚል ጀማሪ ሲገጥመኝ አንድ እሑድ ከሰዓት ዕድር ስብሰባ ሄዶ እንዲቀመጥ እመክረዋለሁ። ዳኛ ይመረጣል። ጸሐፊ ይመረጣል። ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለ። የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም ይቀጣል። ሒሳብ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ድንኳኑ የተቀደደበት፣ ሳህኑ የጎደለበት ምክንያት ይጠየቃል። ገንዘብ ያዡ የማይታመን ሲሆንም አጣሪ ይሰየማል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉ ሰዎችን ነው እንግዲህ «ምርጫ ማለት ምን ማለት ነው» ብላችሁ በቡድን የምታወያዩት።

ዕድር ቅዱስ ነው እያልኩ አይደለም። በስንቱ ዕድር ሴቶች መዋጮ ይከፍላሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ዳኛ ሲመረጥ ግን ስማቸው አይነሳም። ድሃው ዝም ይላል፣ ባለሱቁ ይናገራል። እሱን ማንሳት ተገቢ ነው። ግን ሰዎቹ የሚያውቁትን እያወቁ እንደማያውቁ አድርጎ ማስተማር ስድብ ነው። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ድፍረቱ ነው። ዕድሩን «ሒሳብ አቅርብ» የሚለው ሰው ቀበሌው ደጃፍ ሲደርስ ለምን ድምፁ ይጠፋል? የእናንተ ሥራ ያለው እዚያ መሐል ነው።

አበል

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ፣ ፍቀዱልኝ።

ስልክ ትደውላላችሁ። «ሐሙስ ውይይት አለን፣ ይመጣሉ?» የመጀመሪያው ጥያቄ «ስለ ምንድን ነው?» አይደለም፣ «አበሉ ስንት ነው?» ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። የዘርፉ ድርጅቶች ናቸው ያስተማሩት። ለዓመታት እያንዳንዱ ፕሮጀክት ሰው ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ሲከፍል ኖረ። አንዱ ድርጅት ይህን ያህል ሲከፍል ጎረቤቱ ጨመር አድርጎ ከፈለ። ከዚያማ ጨረታ ሆነ። ጠዋት አንዱ ሆቴል ፈርመው፣ ሻይና ኩኪሳቸውን ይዘው፣ ላሽ ብለው ሌላው ሆቴል የሚፈርሙ የጽሕፈት ቤት ባልደረቦች አይቻለሁ። አቴንዳንሱ ሙሉ፣ ወንበሩ ባዶ። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም ድርጅቶች ያንኑ ሰው ቆጥረውታል።

የገንዘብ ብክነቱ አይደለም የሚያናድደኝ። አበል ስብሰባውን ራሱን ይለውጠዋል። መጀመሪያ ነገር፣ ክፍያ ካለ ስም ዝርዝር የሚጽፈው ሰው ንጉሥ ይሆናል። የእህቱ ልጅ፣ የጎረቤቱ ልጅ፣ የቢሮው ጸሐፊ ይገባሉ። ጉልበት ሠራተኛዋ አትገባም። ቀጥሎ ደግሞ የሚከፍልን ሰው የሚተች የለም። የግምገማ ቅጾቹን አውጥታችሁ እዩ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፦ «ስልጠናው በጣም ጥሩ ነበር፣ ቀኑ ቢጨመር»። ቀኑ ቢጨመር! ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን «ተሳታፊዎች ተጨማሪ ስልጠና እንደሚፈልጉ ገለጹ» ተብሎ ለዶነር፣ ገንዘቡን ለሚሰጠው ድርጅት፣ ይጻፋል። ዶነሩም ይደሰታል። ሌላ ስልጠና ይመደባል።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መጨረሻው ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ስብሰባውም ይዘጋል። በራሱ ኪስ ለዕድር እያዋጣ፣ ሲቀር ቅጣት እየከፈለ የሚሰበሰብን ሰው ወስዳችሁ ስለ ራሱ ጉዳይ ለመናገር ገንዘብ የሚጠብቅ አደረጋችሁት። ከዚያ «የሕዝቡ ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» የሚል ጥናት ታስጠናላችሁ።

አንድ ሰፈር ከእኛ በፊት የነበረ ፕሮጀክት ደህና አበል ከፍሎ ሄዷል። እኛ ስንጠራ አዳራሹ ሞላ። አበል እንደሌለ ሲሰማ ደግሞ ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ፣ ሰዉ አንድ በአንድ ሲወጣ ማየት ነበር። የቀሩት ጥቂት እናቶች ናቸው። የቆሻሻ ገንዳው ልጆቻቸው ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አጥር ጋር ተለጥፎባቸው ነበር። ሌላ ምንም አጀንዳ አልነበራቸውም። ደብዳቤ ጻፉ፣ ፈርመው ወረዳ ወሰዱ፣ መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ተቀበሉ። መልስ ሲዘገይ ቁጥሩን ይዘው እንደገና ሄዱ። ገንዳው ተነሣ። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ያለ አበል፣ ቀድመው ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ።

ታዲያ ምንም አይከፈል እያልኩ ነው? አይደለም። ከሩቅ የመጣ ሰው ለመኪና የከፈለውን መመለስ ግዴታ ነው። የቀን ሠራተኛ የቀን ገቢውን ትቶ ከመጣ ማካካስ ያስፈልጋል። ሕፃን የያዘች እናት ልጇን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ማን ስንት እንደተከፈለው፣ ለምን እንደተከፈለው በግልጽ ይነገር። ስብሰባው ሰው ካለበት ሰፈር ሲሆን የሚከፈለው ብዙ አይኖርም። ሆቴል ሲሆን ነው ወጪው የሚፈጠረው። ከተቻለ በዚያው ወረዳ ከሚሠሩ ሌሎች ድርጅቶች ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ዓይነት ተመን ተስማሙ። ለዶነሩም ቀድማችሁ ንገሩ፦ የተሰብሳቢ ቁጥር እንደ ውጤት ከተያዘብን አበል እንድንከፍል እየገፋችሁን ነው በሉ። አንዳንዶቹ ይሰማሉ።

ደግሞ እባካችሁ አበሉን «ትራንስፖርት» ብላችሁ አትክፈሉ። ሁሉም ያውቃል።

ተሳታፊውን ሌላ ሰው እንዲመርጥላችሁ መተው

ወረዳ ሳታሳውቁ ሰው መሰብሰብ አይቻልም፣ ይህን ለመንገር ጊዜ አላባክንም። የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፣ ሥራችሁን አስረዱ፣ ተግባቡ። ስህተቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ሰው ትመርጡልናላችሁ?» ትላላችሁ። ይመርጣሉ። የሚመጡት ወጣት ከገዢው ፓርቲ ወጣት ሊግ፣ ሴት ከሴቶች ሊግ፣ «የአገር ሽማግሌ» ደግሞ ባለፈው ወር ሌላ ስልጠና ላይ ያያችኋቸው እኒያው አባት ናቸው። እኒህ ሰዎች መምጣት የለባቸውም አልልም። ዜጎች ናቸው። ግን እነሱ ብቻ ከመጡ ቀበሌው ከራሱ ጋር ተወያየ ማለት ነው።

መስፈርቱን እናንተ ጻፉ። ከዕድር ይህን ያህል፣ ከጉልበት ሠራተኛ ይህን ያህል፣ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበር ይህን ያህል፣ ከጉሊት ነጋዴ ይህን ያህል። ከዚያ ራሳችሁ ቤት ለቤት ሂዱ። አድካሚ ነው። ሥራው ግን እሱ ነው፣ ስልጠናው አይደለም። ኃላፊው «ለምን እኔ አልመርጥም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን በእርጋታ ስጡ፦ ቅሬታውን ከማያውቁት ሰዎች ብትሰሙት ለእናንተም ይጠቅማል በሉት። ብዙውን ጊዜ የወረዳ ኃላፊ ከበላዩ የሚፈራው ነገር አለ። እሱን ጠላት አድርጎ መጀመር የጀማሪ ጀብድ ነው።

ቅሬታ ሰብስቦ መጥፋት

ስኮር ካርድ የሚባለውን አሠራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በኩል በብዙ ወረዳዎች ተሞክሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰዎች መጀመሪያ አንድ አገልግሎት በመመሪያው መሠረት ምን መምሰል እንዳለበት ይነገራቸዋል። ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች ለየብቻ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። አገልግሎት ሰጪዎቹም ራሳቸውን ይገመግማሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ይገናኛል፣ ችግሩን ማን መቼ እንደሚፈታ ይጻፋል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ፣ ራስን መገምገሙ ይዘለላል፣ «ጊዜ የለም» ይባላል። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ይህ ሆነ። እናቶች የማዋለጃ ክፍሉን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥተውታል፣ «ትጮህብናለች» ብለዋል። አዋላጇ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ሆነ። ልጅቷ አለቀሰች። ቆይቶ ሲጣራ ሌሊቱን ብቻዋን የምትሠራ፣ ውሃ ከውጭ በጀሪካን የምታስቀዳ ሠራተኛ ነበረች። ቀድማ የራሷን ነጥብ ሰጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው ላይ እናቶቹም እሷም እኩል ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጡ ነበር። ጥያቄውም ሁለቱንም ወገን አልፎ ወደ ወረዳው ይሄድ ነበር። ነጥብ የሚሰጠው ለአገልግሎቱ ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ይህን ስብሰባው ሲጀመር ሳይሆን ከሳምንት በፊት ተናገሩ።

ሁለተኛው ደግሞ መጥፋቱ ነው። የድርጊት መርሐ ግብር ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የፕሮጀክቱ ዘመን ያልቃል። ማንም አይመለስም። እናንተ ስትሄዱ ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ቅሬታውን አፍ አውጥቶ የተናገረው ሰው ነው። እሱ ነገም እዚያው ቢሮ ጉዳይ አለው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ማኅበር ሲመጣ «እናንተም እንደነሱ ናችሁ» ይባላል። ልክ ናቸው። የምትመለሱበት ቀን በበጀታችሁ ውስጥ ከሌለ ቅሬታ አትሰብስቡ።

የተናጋሪዎቹን ፎቶ ከነስማቸው ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ መለጠፍ ደግሞ ከስህተትም በላይ ነው።

ምርጫ ሲደርስ ብቻ ብቅ ማለት

ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ መሐል አራት ዓመት ምንም ሳታደርጉ ቆይታችሁ ለሁለት ወር «ድምፅህ ዋጋ አለው» ማለት ማንንም አያሳምንም። ለማንኛውም ለምትሠሩት ጥቂት ነገሮች ልብ በሉ።

የመራጮች ትምህርት ያለ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ አይሰጥም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ይህን በግልጽ አስቀምጧል። «እኛ እኮ ገለልተኛ ነን» ብሎ ዝም ብሎ መጀመር ችግር ያመጣል። ገለልተኝነት ደግሞ የሚፈተነው በማኒፌስቶ ሳይሆን በጥቃቅን ነገር ነው። አስተማሪያችሁ ማታ ማታ ፌስቡክ ላይ ምን ይጽፋል? ቲሸርታችሁ ቀለሙ የማን ፓርቲ ይመስላል? የምትከራዩት አዳራሽ ትናንት የማን ቅስቀሳ ነበረበት? አንድ ወረዳ ላይ ባነሩ ላይ ባለው ቀለም ብቻ ግማሽ ሰው ሳይገባ ሲመለስ አይቻለሁ። ንድፉን የሠራው ልጅ «ቀለሙ ደስ ስላለኝ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ምስኪን።

ፖስተር ላይ ቀን አታትሙ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ መጀመሪያ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተብሎ ነበር። ኮሮና መጣና ተራዘመ። ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ። በመጨረሻ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ቆይቷል። ቀኑን በትልቁ ያሳተመ ሁሉ ፖስተሩን ጀርባውን አዙሮ ፍሊፕ ቻርት አደረገው። ቀን ተለዋዋጭ ነው፣ በእጅ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ተዉለት።

ስለ መታዘብ የምታስቡ ካላችሁ የ1997ቱን ታሪክ እወቁት። ያኔ ምርጫ ቦርድ ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ድርጅት አገር ውስጥ ታዛቢ ለመሆን ሲቋቋም ጀምሮ ምርጫ መታዘብን ዓላማው ያደረገ መሆን ነበረበት። የሲቪክ ማኅበራት ተሰባስበው ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። ግን ለምርጫው ቀን፣ ለግንቦት 7፣ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ ሁሉ ሰው አሰልጥኖ ማሰማራት አልተቻለም። እኔ ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ነገር ነው። ዛሬውኑ መተዳደሪያ ደንባችሁን ገልጣችሁ እዩ። ዓላማችሁ ውስጥ የመራጮች ትምህርትና መታዘብ ተጽፏል? ካልተጻፈ አሁን በጠቅላላ ጉባኤ አሻሽሉ። ክርክር ቢነሳ እንኳ ስልጠናውንና የታዛቢ ቅጹን ሳታቋርጡ አዘጋጁ።

ከሐምሌ በኋላ መጠየቅ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ስንቱን ሥራ እንዳበላሸ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ማኅበራት ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም ሲጠባ፣ አዲስ ኃይል ይዘው ወረዳ ይሄዳሉ። «ድልድይ ይሠራልን»። ኃላፊው ይስቃል። በጀቱ ጸድቋል፣ ተደልድሏል። ሰዉ የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ይዞ መገኘት ያለበት በጀቱ ገና ሲዘጋጅ፣ ከሐምሌ በፊት ባሉት ወራት ነው። ከሐምሌ በኋላ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ የተመደበው የት ደረሰ?

እሱንም በቃል አትጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ መልሱ የሚሰጥበትንም ጊዜ ይወስናል። መልስ ካጣችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የአዋጁ ቁጥር የተጠቀሰበት ጨዋ ደብዳቤ ራሱ ብዙ በር ይከፍታል። ደብዳቤውን ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ ይጻፈው እንጂ የእናንተ ፕሮጀክት ኦፊሰር አይጻፈው።

በአንድ ዶነር ላይ መንጠልጠል

የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 በመብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሒሳቡ ታግዶ ሥራው ክፉኛ ተጎዳ። በጊዜው ከዘርፉ የወጡት ወይም ዓላማቸውን ወደ «ልማት» የለወጡት ብዙ ናቸው። የ2011ዱ አዲሱ አዋጅ ይህን ገደብ አነሳ። እፎይ ተባለና ተረሳ።

ከዚያ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በአንድ ትእዛዝ ቆመ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤይድም ተዘጋ። አሁን ደግሞ የአገር ውስጥ ሕግ የለበትም፣ ሌላ አገር የተፈረመ ወረቀት ነው። ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደመወዝ አጣ፣ ቢሮ ተዘጋ፣ ወረዳ ላይ የተገባ ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

እና ምን ይደረግ? የአባላት መዋጮ ትንሽ ናት፣ ደመወዝ አትከፍልም፣ አውቃለሁ። ግን የትኛው ሥራ ያለ ገንዘብ መቀጠል እንደሚችል ከወዲሁ ለዩት። የሰፈር ስብሰባ ገንዘብ አይፈልግም። ደብዳቤ መጻፍ ወረቀትና ቴምብር ነው። የቢሮ ኪራይ፣ መኪና፣ ባለሙያ ዶነር ይፈልጋል። ዶነሩ ሲሄድ የሚሞተውና የማይሞተው ተለይቶ ከታወቀ ቢያንስ ሰዉ አይደናገጥም። አዋጁ ንግድ ነክ ገቢ ማስገኛም ይፈቅዳል። ካፌ ከፍተው ቢሮ ኪራያቸውን የሚሸፍኑ ማኅበራት አሉ፣ ሞክሩት።

ራሱ ማኅበሩ

ስለዚህ ነገር ማንም መስማት አይወድም። መሥራቹ ዋና ዳይሬክተር ነው። ከተመሠረተ ጀምሮ እሱ ነው። ቦርዱ ውስጥ ጓደኞቹ አሉ፣ አንዳንዴ ወንድሙም አለ። ጠቅላላ ጉባኤው በወረቀት በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤው ቤት ለቤት እየዞረ ይፈረማል። በሕጉ ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበሩ የበላይ አካል ነው። በተግባር የበላዩ ቼክ የሚፈርመው ነው። ይህ ማኅበር ነው እንግዲህ ወረዳ ሄዶ ስለ ሥልጣን ገደብ የሚያስተምረው።

ሰዉ ሞኝ አይደለም። አንድ ጊዜ በውይይት መሐል አንድ አባት «ልጄ፣ የእናንተ ሊቀ መንበር መቼ ነው የተመረጠው?» ብለው ጠየቁ። አሰልጣኙ መልስ አልነበረውም። ወዲያው ወደ ሻይ ዕረፍት ገባን። እኒያ አባት የዕድር ዳኛ ነበሩ፣ ጊዜያቸውን ጨርሰው ሊወርዱ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ይህን የነገሩኝ ሻይ ላይ ነው፣ ምንም ሳይመጻደቁ።

የዘመን ገደብ በደንባችሁ አስገቡ፣ ገና ስትመሠረቱ፣ ማንም ወንበሩን ሳይለምደው። ሒሳባችሁን ለምትሠሩበት ሰፈር ሰው በአማርኛ፣ ወይም ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ለጥፉ። ወረዳውን በጀት ለጥፍ የምትሉ ከሆነ የእናንተም ይለጠፍ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው

ስብሰባ በገበያ ቀን አትጥሩ። ሴቶች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ጠዋት አትጥሩ፣ ማታም አትጥሩ። ሰዓቱን እነሱን ጠይቁ።

ባነሩ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አትጻፉ። አንበሳው ማን እንደሆነ ተጠይቆ መልስ ያጡ አሰልጣኞች አሉ።

የኃላፊ የመክፈቻ ንግግር አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ግማሽ ቀኑን ይወስዳል።

«ስቴክሆልደር»፣ «አድቮኬሲ»፣ «ኢምፓወርመንት» የሚሉትን ቢሮ ትታችሁ ውጡ። ለሪፖርቱ ይቆዩላችሁ።

የቴሌግራም ግሩፕ አባላት ቁጥር ተሳትፎ አይደለም። ግሩፑ ውስጥ ካሉት ስንቶቹ ደብዳቤው ላይ ፈረሙ?

ስብሰባው ሲያልቅ «ጥያቄ ያላችሁ?» ብላችሁ ማይክሮፎኑን ለፊተኛው ወንበር አትስጡ። ከኋላ ጀምሩ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ናቸው ከሁሉ ቀድመው የሚሄዱት።